የበረዶው ቀን ጭቃ

ደግሰው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ፍላቂት ገጠር ይወለድ እንጂ ሞፈር ሳይጨብጥ ገና በልጅነቱ ላሊበላ ገብቶ፣ በአንድ ሆቴል ጓዳ ከሊጥ ጋር ኖረ። እጁ እንደ ሴት እጅ የለሰለሰ ነው። የልጅ ልጄን ሰርካለምን ሊያገባ ሽማግሌ የላከ ጊዜ፣ ጎረቤቴ ስሜነሽ እጁን አይታ፣

"ይሄ እጅ ድንጋይ አንስቶ ያውቃል?" አለችኝ።

"ድንጋይ ባያነሳ ዳቦ ያነሳል" ብዬ ዝም አሰኘኋት። በሆዴ ግን እኔም ጠይቄዋለሁ።

ከተጋቡ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ክፍል ተከራዩ። የመጀመሪያው ለሆቴሉ ቅርብ ነበር፤ እንግዳ ሲጠፋና የደግሰው ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ሲሆን ለቀቁት። ሁለተኛው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ውሃ ስለሌለው ሰርካለም እርጉዝ ሆና ጀሪካን አዝላ ዳገት ትወጣ ነበር። ሦስተኛው የአንዲት ሴትዮ ግቢ ውስጥ ያለ ክፍል ነው። ጣሪያው አያፈስም፣ ቧንቧውም ደጅ ነው። ሴትዮዋ ግን ሕጓ ብዙ ነው፤ ከሐሙስ በቀር ልብስ አይታጠብም፣ ዘመድ አያድርም፣ ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም። ሕፃኑ አዳም ሲወለድ ደግሞ ለቅሶው ጥፋት ሆነ።

አንድ ቀን ከምኖርበት ከብልባላ ወርጄ ልጠይቃቸው ገባሁ። ሰርካለም ሕፃኑ ገና አፉን ለመክፈት ሲል ጡቷን ታጎርሰዋለች።

"አሁን አጥብተሽው የለም እንዴ?" አልኳት።

"ርቦት አይደለም እማ፤ ድምፁ እንዳይሰማ ነው።"

ጥግ ላይ በአሮጌ ነጠላ የታሰረ ጓዝ አየሁ። እናቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ለሠርጓ የሰፋችላት ሰፌዶች ናቸው። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አልተፈቱም። "የት እሰቅላቸዋለሁ? ሚስማር አይመታም፤ ደግሞ ነገ ልንለቅ እንችላለን" አለችኝ።

እንዳለችውም ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ሴትዮዋ ልጇ ሚስቱን ይዞ ሊመጣ ስለሆነ እስከ ሰኔ መጨረሻ ክፍሉን እንዲለቁ ነገረቻቸው። ሰኔ ሲያልቅ ክረምት ይገባል። ሕፃን ይዞ በክረምት ቤት መፈለግ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እኔ ዘንድ መጥተው መከርን። ደግሰው ደጃፉ ላይ፣ ሊነሳ እንዳለ እንግዳ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ክፍል ቢከራዩ፣ በአቅማቸው የሚገኘው መስኮት የሌለው ነው። በማኅበር ተደራጅቶ ቦታ መጠበቅም አለ፤ እሱ ግን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚነግር ሰው አላገኙም። አባቱ ጋ ፍላቂት ቢሄዱ ደግሰው የሦስት ቀን ሥራውንም ያጣል።

"እኔ ግቢ ሥሩ" አልኳቸው። "ከቤቴ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነው። ድሮ በግ አስርበት ነበር።"

ደግሰው ቀና ብሎ አየኝ። "እርስዎን ማጣበብ አይሆንም ወይ?"

"እኔ ስንት ቦታ እይዛለሁ? ይልቅ ከዚህ እስከ ከተማ በእግር ረጅም ነው፤ ትችለዋለህ?"

"እችላለሁ።"

መቻሉንም አሳየ። የድንጋይ ቤት ለመሥራት ግንበኛም ጊዜም ስለሌላቸው የእንጨትና የጭቃ ቤት ይሁን ተባለ። ከሥራ የሚያርፍበትን ቀን ሁሉ እየመጣ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ቋሚ አቆመ፣ ማገር አሰረ። ሰርካለም ሕፃኑን አዝላ ልጥ ታቀብለዋለች። እጁ ቆሰለ፣ ቁስሉ ጠገገ፣ እንደገና ቆሰለ። ግንቦት ሲያልቅ ቆርቆሮው ተመታ። ግድግዳው ብቻ ቀረ።

የግድግዳ ጭቃ እንደ ሊጥ ነው። አፈሩ ከጭድና ከውሃ ጋር ተረግጦ፣ በጉድጓድ ውስጥ ለቀናት ተከድኖ ይቦካል። ሳይቦካ ቢመረግ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ደግሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ የሚያውቀው ሥራ አገኘ። በመጣ ቁጥር ክዳኑን ገልጦ ያሸታል፣ በጣቱ ይወጋል። "ሽታው መጥቷል እማማ፤ ሁለት ቀን ይቀረዋል" ይለኝ ነበር። ስሜነሽ በአጥር ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ ሳቀችበት።

"ዳቦ ጋጋሪው! ስኳርም ጨምርበት እንጂ!"

ምርጊት በደቦ ነው የሚሠራው፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይችለውም። ደግሰው ሰፈሩን ለሰኔ ስምንት ጠራ። በዚያ ጠዋት ግን ከወንዝ ማዶ ሰው ሞተና ሰፈሩ ሁሉ ለቀብር ተሻገረ። ሲያልፉ "ሌላ ቀን እንመጣልሃለን" አሉት። እርሱ ነገ ማለታቸው መሰለው። እኔም ከሰፈሩ ሰው ጋር እዚያው ልቅሶ ቤት አደርኩ።

ነገ ማለት ሰኔ ዘጠኝ ነው። በኛ ሰፈር ሰኔ ዘጠኝ አፈር አይነካም። እኔ ሕፃን ሳለሁ በዚያ ቀን የወረደ በረዶ ቡቃያውን ከምድር አጣብቆ፣ ጥጆች ገድሎ ሄደ። አባቶቻችን ከዚያ ወዲህ በዚህ ቀን እንዳይታረስ፣ እንዳይቆፈር፣ ጭቃ እንዳይነካ ተገዘቱ። ከግድግዳ በሚሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ላይ የለም፤ ከደብራችን ወዲያ ያለ ሰውም አያውቀውም። የፍላቂቱ ልጅ ከየት ያውቀዋል? ከተማ ያደገችው ሰርካለምስ? ማወቅም መናገርም የነበረብኝ እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ቀን ጭቃውን ሲያሸት እያየሁ፣ ቀኑን መናገር አንድም ጊዜ አልመጣልኝም። ለእኔ እንደ እሑድ ነው፤ እሑድን ለሰው ማን ይነግራል?

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጋራውን ዞሬ ስመጣ፣ ከሩቅ አንዱ ግድግዳ በእርጥብ ጭቃ ጠቁሮ አየሁት። ስደርስ ደግሰው እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ፣ ሰርካለም እግሯን ተለውሳ ቆመዋል።

"ማንም አልመጣም እማማ" አለኝ። "ሊጡ አንድ ቀን ካለፈው ይመርራል፣ ይሟሟል። ጭቃው እንዳይበላሽ ብዬ እኔው ጀመርኩት።"

ቀኑን ስነግረው የያዘውን ጭቃ ወደ ጉድጓዱ ጣለ። እጁን ሳይታጠብ ብዙ ተቀመጠ።

ከአንድ ቀን በኋላ ከሰዓት በረዶ ጣለ። ብዙ አልነበረም፤ የወረደውም በስሜነሽ ጓሮ በኩል ነው። ድንቿንና ጎመኗን ጨፈጨፈው። እየጮኸች መጣች።

"ይኸው! እጁ ለስላሳ ነው ስል ዝም አሰኝታችሁኝ ነበር! ሰማዩን ነክቶብን!"

"ስሜነሽ፣ ልጁ አላወቀም" አልኳት።

"በረዶው ምን ያውቅለታል? የማንም ሰው እግር ደቦው ላይ አይደርስም!"

ያለችው ልክ ነበር። ሰዉ ሰላምታ አልነፈገንም፤ ስለ ምርጊቱ ግን የሚያነሳ ጠፋ። ሰኔ መጨረሻ እየመጣ ነው። ሦስት ግድግዳ ባዶ ማገር ሆኖ ነፋስ ያፏጭበታል። ሰርካለም "እማ፣ ወደዚያች መስኮት የሌላት ክፍል እንሂድ ይሆን?" ስትለኝ ሕፃኑን እያየች ነበር፤ እኔን አላየችም።

ሰኔ አሥራ ሁለት ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሽማግሎች ተቀመጡ። የሰፈሩ አባት አያ ጋሻዬና ቄስ አረጋ ከመሃል ነበሩ። ደግሰው ቆመ፤ ነጠላውን አጣፍቶ አንገቱን ደፋ።

"ልጄ፣ ለምን ሰው አልጠየቅህም?" አሉት ቄስ አረጋ።

"አባቴ፣ የምጠይቀው ሰው ሁሉ ልቅሶ ቤት ነበር። ጭቃው እንዳይበላሽ ፈራሁ። እኛ ጋ ሊጥ ጊዜው ካለፈ ወደ ውጭ ነው የሚደፋው።"

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። አያ ጋሻዬ ለመቆጣት ዞሩና እርሳቸውም ሳቁ። "አይ አንተ! ጭቃ እኮ ዳቦ አይደለም! በሰነበተ ቁጥር ነው የሚጠነክረው። ወር ብትተወው ያመሰግንህ ነበር።"

ያኔ ተነሳሁ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። "ልጁን ግቢዬ አስገባሁት፤ የግቢዬን ወግ ግን አልነገርኩትም። የምትቀጡ ከሆነ እኔን ነው።"

ስሜነሽ ከሴቶቹ መካከል ሆና "እርስዎን ቀጥተን ምን እናገኛለን? ድንቼን ማን ይተክልልኛል?" አለች።

"እኔ እተክላለሁ" አለ ደግሰው።

"አንተ? ድንች በየት በኩል እንደሚተከል ታውቃለህ?"

"ያሳዩኛል። ከዚያ ወዲያ አልሳሳትም።"

ሽማግሎቹ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። ፍርዳቸው እንዲህ ሆነ፤ በግዝቱ ቀን የተመረገው ግድግዳ ይራገፍ፣ ጭቃው ጉድጓዱ ውስጥ ይመለስ፣ ውሃ ጠጥቶ ሁለት ቀን ይደር። ደግሰው የስሜነሽን ጓሮ ይመልስ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ይመጣል።

በማግስቱ ሲያራግፈው አይቻለሁ። ግማሽ ቀን ሙሉ የደከመበትን ግድግዳ በመጥረቢያ ጀርባ እየመታ አወረደው። ሰርካለም ከሥር እየሰበሰበች ከጉድጓዱ ባንዱ ጥግ ለብቻው ትመልሰዋለች። በማግስቱ ጠዋት ስሜነሽ ጓሮ ተንበርክኮ ድንች ሲተክል ድምጿ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር፤ "ዓይኑ ወደ ላይ! ወደ ላይ አልኩህ እኮ! ልጅህንም ዘቅዝቀህ ነው የምታስተኛው?" ቀትር ላይ ግን ቆሎ አቀረበችለት። ያንንም አይቻለሁ።

ሰኔ አሥራ አምስት ገና ጤዛው ሳይረግፍ መጀመሪያ የደረሰችው እርሷ ነች፤ ጭድ በጀርባዋ ተሸክማ። ከኋላዋ ሰው እየተከታተለ መጣ። ወንዶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃውን ረገጡ፣ ሴቶቹ አቀበሉ። ደግሰው ጭቃውን በመዳፉ አገላብጦ ግድግዳው ላይ ሲለጥፈው አያ ጋሻዬ ቆመው አዩት።

"እጁ እኮ ያውቅበታል!" አሉ። "ሁላችሁም እንደሱ አለስልሱት!"

"ሊጥ ለምዶ ነዋ" አለች ስሜነሽ። የዚህ ጊዜው ስድብ አልነበረም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አራቱም ግድግዳ ተመርጎ አለቀ። እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ያህል ጠበቅን፤ በየቀኑ ሰማዩን እያየን። ሦስቱ ግድግዳ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ወጣ፣ ደግሰውም በቀጭን ጭቃ ደፈነው። ያ ተራግፎ ዳግመኛ በቦካው ጭቃ የተመረገው ግድግዳ ግን አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። ሰኔ ሃያ ስምንት ከከተማው ክፍል ወጥተው ገቡ። ጓዛቸውን አንዲት አህያ ቻለችው።

እኔም ከሰል ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ መስመሬ ይጣመማል። ከበሩ በስተውስጥ "ሰኔ ዘጠኝ" ብዬ ጻፍኩ። የ"ጠ" እግር ወደ ጎን ሸሸ። ደግሰው ከኋላዬ ቆሞ ቀስ ብሎ አነበበው።

"ሌላም ቀን አለ እማማ?"

"አለ። አንድ ባንድ እጽፍልሃለሁ፤ በሩ ይበቃናል።"

ያኔ ዝናቡ ወረደ፤ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚደፋ ይመስል። ሕፃኑ ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ። ሰርካለም እንደለመደችው እጇን ወደ ጡቷ ሰደደችና መሃል ላይ ተወችው። አለቀሰ፤ እስኪበቃው አለቀሰ። ማንም በር አላንኳኳም።

ደግሰው በየጥጉ እየዞረ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳስሳል፤ ከምድጃ የወጣ ዳቦ እንደሚዳስስ ነው የሚዳስሰው። "ደረቅ ነው" አለ። ከዚያ ሚስማርና ድንጋይ አንስቶ ባልተሰነጠቀው ግድግዳ፣ ማገሩ ያለበትን ፈልጎ መታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ሰርካለም ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሰፌዶቹ የታሰሩበትን የነጠላ ቋጠሮ ትፈታ ጀመር። በሦስት ዓመት ውስጥ ጠብቆ እምቢ አላት፤ በጥርሷ ሳበችው።