ጅብ የሌለበት አስፈሪ መጽሐፍ

«እትዬ፣ ምኑ ነው የሚያስፈራው? አንድ ጅብ እንኳ የለበትም!» አለኝ ጎረቤቴ፣ ያዋስኩትን መጽሐፍ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ገበያ መሐል እየመለሰልኝ።

መምህር ነው እንግዲህ። ልጆቻችንን ማንበብ የሚያስተምረው እሱ ነው!

የምወደው ደራሲ ጭራቅ አይጽፍም። በዚህኛው ልብ አንጠልጣይ ልቦለዱ ባል ከጓሮ ሲጣራ ሚስት አኩርፋ «አቤት» ሳትል ትቀራለች።

«እሷማ ምን አደረገች? ዝም አለች እንጂ!» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔም አንድ ቀን ባለቤቴ ሲጣራ አኩርፌ ዝም ብያለሁ። ዘግይቼ ስወጣ ወድቆ አገኘሁት።

የደራሲው ልቦለዶች ሁሉ ቤቴ አሉ፤ ለሚያነብ ሰው አውሳለሁ። ለመምህር ግን አላውስም።

ሚስት የምታኮርፍበትን ያን ገጽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ሁልጊዜም ጮክ ብዬ «አቤት በያ፣ አንቺ ሴት!» እላታለሁ።

እናንተንስ እንዲህ ያስጮኻችሁ መጽሐፍ የትኛው ነው?