ለሌላ ሰው «አቤት» ማለት

በሁለተኛው ቀን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ስንቷ ልጅ ሳትታመም ትቀር ነበር? ሁሉም ድነው እንደተነሱ እያወቅሁ እንኳ ይህን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም።

በድርቁ ዓመት መካነ ሰላም ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ ከክፍሉ ሁሉ ትልቋ እኔ ነኝ፤ ልጆቹ «እትዬ አለቃ» እያሉ ያሾፉብኛል። ጠዋት ስም የምጠራውም እኔ ነበርኩ። ከከላላና ከአቀስታ የመጡት ሴት ተማሪዎች ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ ተደርድረው ያድራሉ። ምሳቸው የእርዳታ ስንዴ ንፍሮ ነው፤ የሚታደለውም በእኔ መዝገብ ነው። ያልተገኘች አትበላም። ለብዙዎቹ ደግሞ ከዚያ ሌላ የሚቀመስ አልነበረም።

ስለዚህ አንዷ ስትታመም ጓደኛዋ «አቤት» ትልላትና ድርሻዋን ትወስድላታለች። እኔ ከመዝገቡ ቀና አልልም። መምህራኑም የአብዮቱን ወሬ ፍለጋ ሬዲዮ ላይ ተደፍተው ነው የሚውሉት። ድምፅ ግን አያመልጠኝም። ማክሰኞ ለታመመችው «አቤት» ያለችላት ልጅ፣ ሐሙስ ራሷ ታማ ሌላ መለሰችላት። የታመመችዋን አጠገቧ ቁጭ ብላ የምታበላት ያችው የመለሰችላት ናታ! በሽታው የ«አቤት»ን ተራ ተከትሎ ይሄድ ነበር።

ለሌላ ከሚመልሱት አንዷን ለብቻዋ ያዝኳት።

«ስንት ናችሁ የተኛችሁ?»

«ማንም አልተኛ፣ ወላሂ! ትንሽ ጉንፋን ነው።»

«ድምፅሽስ ምን ዘጋው?»

«ዘፍኜ ነው።» ሳቀችና ሳሉ አቋረጣት። ከዚያ እጄን ያዘች። «እትዬ፣ ብትናገሪ ከአፋችን ነጠቅሽን ማለት ነው።»

ለማንም አልተናገርኩም። ሰኞ ሦስት ድምፆች ለአሥራ አንድ ስም መለሱ። መጀመሪያ የታመመችው የአቀስታዋ ልጅ፣ የወሰዱላትን ንፍሮ ሳትነካው ሁለት ቀን እንደሆናት ሰማሁ። ይህን ጊዜ መዝገቡን ዘግቼ ሕመምተኛ ወደሚያየው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሄድኩ።

«ጋሼ፣ መዝገቡ ውሸት ነው» አልኩት።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

ሳቀ። ማን ከማን ቀጥላ እንደተኛች በተራ ስነግረው ግን ሳቁን ትቶ ካፖርቱን አነሳ።

«ይሄ ተራ ጉንፋን አይደለም፤ ኢንፍሉዌንዛ ነው። እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«ምግባቸውን ብዬ ነው። ያልተገኘች አትበላማ።»

«ሆሆ! ሕመምተኛን አስርቦ ማዳን ደግሞ የት ተማራችሁ?»

በረዥሙ እየተራመደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ። እኔ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ። ብዙም አልቆየ፤ ወጣና «አብሽሪ» አለኝ። ደህናዎቹ ወደ አንድ ባዶ ክፍል ሊወጡ፣ የተኙት እተኙበት ሊበሉ ከዳይሬክተሩ ጋር ተስማምተዋል። ሳላስበው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ለሳምንት ያልተነፈስኩትን ያህል ተነፈስኩ።

ቀትር ላይ ከወጥ ቤቷ ሴትዮ ጋር ድስቱን ግራና ቀኝ ይዘን ገባን። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። የአቀስታዋን ልጅ ግድግዳ አስደግፌ የንፍሮውን መረቅ በጣሳ አቀበልኳት። አንዴ ፉት አለች፤ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ አለቃ፣ ጨው እኮ የለውም።»