የሃያ ሰባት ቁጥር ግራ ጎን

ካፒቴኑ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ሃያ ሰባት ቁጥር የእንፋሎት ባቡር ጣቢያ ላይ ቆማ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ካፒቴኑ በቀኙ መስኮት ክርናቸውን አስደግፈው፣ ቆባቸውን ወደ ጎን ጣል አድርገው ይስቃሉ። መርከብ ረግጠው አያውቁም። ባቡር ነጂ ነበሩ፤ ካፒቴንነቱ እንዲያው በአነዳዳቸውና በአለባበሳቸው ማማር ተለጥፎባቸው የቀረ ነው።

ጋሽ አካፋ በየእሑዱ ከዚያ ፎቶ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። የካፒቴኑ ሚስት ታናሽ እህታቸው ስለሆነች መቅረት አይችሉም። በዚያችው ባቡር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የድንጋይ ከሰል እየዛቁ እሳት አንድደዋል፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው። ባቡሯ ከሥራ ከወጣች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ የጋሽ አካፋ ቅናት ግን እስካሁን ጡረታ አልወጣም።

«እኔም እኮ ፎቶው ውስጥ አለሁ» ይላሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር።

«የት ጋ ነዎት?»

«ጭሱ።»

እንግዳው ይስቃል። እሳቸው አይስቁም። ጎበዝ እሳት አንዳጅ ጭስ አያበዛም፤ ጥቁር ጭስ ማለት ከሰሉ በደንብ ሳይነድ ባክኗል ማለት ነው። ያን ቀን ግን ፎቶ አንሺው «ጭስ ከሌላት አታምርም» አለና ካፒቴኑ ወደ ኋላ ሳይዞሩ «አካፋዬ፣ እስቲ ጣል ጣል አድርግባት!» አሏቸው። ጣሉ። ከአሥራ አንድ ዓመት ልፋት ግድግዳ ላይ የቀረላቸው ያው የተበላሸው ሥራቸው ነው።

ይህ ሁሉ ተችሎ ሲኖር፣ ባለፈው ዓመት አሮጌው ጣቢያ ታደሰና አዳራሹ መሐል የድሮው መስመር በትንሹ ተሠርቶ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ሥራው ለሰዓት ሠሪዋ ተሰጠ። እጇ እንደ መርፌ የሰላ ሴት ናት፤ በሱቋ የኋላ ክፍል ጣቢያውን ከነሰዓቱ፣ አደባባዩን ከነመብራቱ፣ ከባቡር የወረደውን ሰው ተቀብሎ ወደ ከተማ የሚያደርሰውን ትራም ከነወንበሩ ሠርታለች። የቀረቻት ሃያ ሰባት ቁጥር ናት። የአንድ ክንድ ያህል ርዝመት ኖሯት፣ በኤሌክትሪክ እየተነዳች በሐዲዷ ላይ ትዞራለች።

አንድ እሑድ ሰዓት ሠሪዋ ደብተሯን ይዛ ካፒቴኑ ቤት መጣች።

«ጋሼ፣ ያገኘሁት ፎቶ ሁሉ ከቀኝ በኩል የተነሣ ነው። ግራዋ ምን ይመስል ነበር?»

መቼስ ተሳፋሪው የሚቆመው በቀኝ፣ ነጂው የሚታየው በቀኝ፤ በግራ በኩል ቆሞ ባቡር ፎቶ የሚያነሣ ማን አለ?

«ምን ይመስላል ትያለሽ የኔ ልጅ» አሉ ካፒቴኑ። «ግራውም እንደ ቀኙ ነዋ። ቀኙን ገልብጠሽ ሥሪው።»

ጋሽ አካፋ የሻይ ብርጭቋቸውን ወደ አፋቸው እንዳስጠጉ ቀሩ። እንደ ቀኙ! ወደ ባቡሯ የሚወጣበት የግራው መርገጫ በአንድ ክረምት ተሰብሮ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ እሳቸው ራሳቸው ትራም ጋራዥ ሄደው ለምነው ያረጀ የትራም መርገጫ አምጥተው አልገጠሙበትም? ሸንተረር ሸንተረር ያለው፣ ከሌላው በአንድ ጋት የሚሰፋ ብረት። በአገሩ ካሉት ባቡሮች ሁሉ የትራም እግር የነበራት ሃያ ሰባት ብቻ ናት። እኚህ ሰውዬ ለካ በግራ በኩል አንድ ቀን ወጥተው አያውቁም!

«ወንድም ጋሼ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ» አለች እህታቸው።

«ይቀዝቀዝ» አሉና ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

ያሰቡትን ለእኔ ለጎረቤታቸው የነገሩኝ ቆይተው ነው። በምረቃው ቀን የድሮ ባቡር ሠራተኞች ሁሉ ይመጣሉ፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ «የትራሙ መርገጫ የት ሄደ?» ማለቱ አይቀርም፤ ሰዓት ሠሪዋም «ካፒቴኑ ናቸው እንደ ቀኙ ሥሪው ያሉኝ» ትላለች። ካፒቴኑ በነጭ ሸሚዛቸው፣ በሕዝብ ፊት፣ የገዛ ባቡራቸውን የማያውቁ ሰው ሆነው ይቆማሉ። ጋሽ አካፋ ከዚያች ቅጽበት በስተቀር የሚፈልጉት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ በየረቡዑ ሰዓት ሠሪዋ ጋ መመላለስ ጀመሩ። ሰዓታቸው ደኅና ነበረች፤ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ራሳቸው አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይመልሷትና «ዛሬም ዘገየችብኝ» ብለው ይገባሉ። እሷ ሰዓቷን ከፍታ ስትመረምር እሳቸው አንገታቸውን ወደ ኋላ ክፍል ያሰግጋሉ። ስሕተቱ በየሳምንቱ እያማረ ሄደ። ቀለም ተቀባ። ተወለወለ። እሳቸውም በደስታ ጠገቡ።

አንድ ረቡዕ ግን ሲገቡ እሳቸው በሚቀመጡበት በርጩማ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ረጅሙ የሚባሉት ሰው ናቸው፤ ጋሽ አካፋ አንድ ጊዜ የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ሲተኙ ተተክተው እሳት ያነደዱት። እግራቸውን አነባብረው ያወራሉ።

«…ግራ መርገጫዋማ የትራም ነበር። እኔው ነኝ ጋራዥ ሄጄ ያመጣሁት።»

«ማን? ማን አመጣው?» አሉ ጋሽ አካፋ ከበሩ።

«እንዴ አካፋ! አለህ?»

«ልሞትልህ ነበር? መርገጫውን ማን አመጣው ነው የምልህ!»

«አይ እንግዲህ… የዛሬ አርባ ዓመቱን ማን ያስታውሳል…»

«ሦስት ሳምንት! ሦስት ሳምንት ሠርተህ ባቡሯን ልትወርሳት ነው? እስቲ በስንት ብሎን ነበር የተያዘው?»

ረጅሙ ጣሪያውን አዩ። «በአራት።»

«በሦስት! አራተኛው ቀዳዳ አልገጥም ብሎ ባዶውን ነው የቀረው! ጫፉ ደግሞ ስለት ነበር፤ ይኸው!» ብለው የግራ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡና ቅልጥማቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አወጡ። «ይኼን የት ያመጣሁት ይመስልሃል? ያንተ እግር የታለ? አሳያ!»

ረጅሙ እግራቸውን በርጩማው ሥር ከተቱ። ጋሽ አካፋ ግን አንዴ ከፈነዱ ማን ያቆማቸዋል? ከውሃ ጋኗ በታች ያለችውን ጠፍጣፋ ብረት፣ ሐዲዱ ላይ አሸዋ የሚያፈሰውን የተጣመመ ቱቦ፣ አካፋው የሚሰቀልበትን ሚስማር ሳይቀር ዘረዘሩ። ለወራት በቅናት ያፈኑትን፣ ሌላ ቅናት በአንድ ትንፋሽ አስተፋቸው።

ሰዓት ሠሪዋ እርሳሷን እንደያዘች አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ እያወቁ ነው በየረቡዑ ደኅና ሰዓት የሚያሠሩኝ?»

ጋሽ አካፋ ሱሪያቸውን ወደ ታች መለሱ።

እሷ አልተቆጣችም። በወረንጦዋ ከትራሙ አንዱን መርገጫ ነቀለችና ለሃያ ሰባት ግራ ጎን ለካችው። ልክ ነው፤ አንሶ በተሠራበት ልክም ያችው የአንድ ጋት ትርፍ አለችው። «ቀኟን ሰው ሁሉ በፎቶ አይቶታል» አለች ቀስ ብላ። «ወደ ቀኝ እየታጠፈች እንድትዞር አደርጋታለሁ። ያኔ ጠረጴዛውን ከብቦ የሚቆም ሰው አጠገቡ ስታልፍ የሚያየው ግራዋን ነው። ካፒቴኑን በቀኙ መስኮት አስቀምጫቸዋለሁ፤ ለመሆኑ እርስዎንስ በግራው መስኮት ብቅ አድርጌ ላስቀምጥዎት?»

«ክርኔን አስደግፌ» አሉ ጋሽ አካፋ ወዲያው፤ አላመነቱም። «ቆቤንም ወደ ጎን ጣል አድርጊልኝ።»

በምረቃው ቀን አዳራሹ ሞላ። ትንሿ ሃያ ሰባት ከጣቢያው ወጣች፣ ትራሙን በአደባባዩ ጥግ አለፈችው፣ በሰዉም ፊት በግራ ጎኗ ሄደች። የድሮ ሠራተኞች «መርገጫውን እይ! የትራሙን መርገጫ!» ተባባሉ። ጋሽ አካፋ በአዲስ ከረባት፣ ጠረጴዛውን ከከለለው መስታወት አንድ ስንዝር ርቀው ቆመዋል። ካፒቴኑ በአጠገባቸው ናቸው፤ ፊታቸው ጠቁሯል። ባቡሯ ሁለት ጊዜ እስክትዞር በዓይናቸው ተከተሏት። በሦስተኛው ጣታቸውን ወደ ግራው መስኮት ቀሰሩ።

«ይህ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ» አሉ ጋሽ አካፋ።

«አንተ እዚያ ተደግፈህ አየር ስትቀበል፣ እሳቱን ማን ያንድድልኝ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ በላይ የሳቁት ረጅሙ ናቸው። ሰውዬው በዕድሜያቸው አንዴ ልክ ተናግረዋል። ጋሽ አካፋ አሥራ አንድ ዓመት መንገዱን አይተውት አያውቁም፤ ጀርባቸው ለመስኮቱ፣ ፊታቸው ለምድጃው ነበር። የገዛ ጎናቸውን አስመልሰው፣ እዚያ ያስቀመጡት ሌላ ካፒቴን ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ሰዓት ሠሪዋ ጋ ሄዱ። ሰዓታቸውን አልነኳትም።

«ከመስኮቱ አንሺኝ» አሏት። «ጎንበስ አድርጊኝ። አካፋ ስጪኝ።»

«ጎንበስ ካሉ እኮ አይታዩም።»

«አውቃለሁ። ጭስ ግን እንዳታወጪባት።»

አሁን የግራው መስኮት ባዶ ነው። ጋሽ አካፋ በየእሑዱ ወደ ካፒቴኑ ቤት መሄዱን ትተው ጣቢያው አዳራሽ ይውላሉ፤ «እሳት አንዳጁ የታለ?» የሚል ሰው ሲመጣ ሙሉውን ከሥር ከመሠረቱ ያስረዳሉ፤ አንዳንዴ ሱሪያቸውንም ይሰበስባሉ። ካፒቴኑም እሑድን ያለ እሳቸው መዋል ሰልችቷቸው መሰል ከኋላቸው ይመጣሉ። የካፒቴኑ አሻንጉሊት በቀኙ መስኮት አሁንም ይስቃል፤ የሚታየው ግን ባቡሯ ወዲያ ማዶ ደርሳ ከጣቢያው ሕንፃ ጀርባ ብቅ ስትል፣ ለሁለት ሰከንድ ያህል፣ የጤፍ ፍሬ አክሎ ነው።

ባለፈው እሑድ እዚያው ነበርኩ። ካፒቴኑ ዓይናቸውን አጥብበው ወዲያ ማዶ ይጠብቃሉ።

«አካፋዬ» አሉ ባቡሯ ልትደርስ ስትል፣ «እስቲ መነጽርህን አንዴ አውሰኝ።»

ጋሽ አካፋ መነጽራቸውን አወለቁ። ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ። አንዱን መስታወት ጠረጉ፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት፣ ሁለተኛውንም ጠረጉ። ባቡሯ ከሕንፃው ጀርባ ብቅ ብላ አለፈች። መነጽሩን መልሰው አደረጉት።

«ምን አልከኝ?» አሉ።