ማሽኑ ሲነሣ የሚተኛው ልጅ

የመጀመሪያው ምልክት ደስታ ነበር። ማንም ሳያስተውለው የቀረው ለዚህ ነው።

ያሳደግሁት የልጅ ልጄ ብሩክ በዲላ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ፣ በዕረፍቱ ገደብ አጠገብ ወርቃ ወደሚገኘው የአጎቱ፣ የልጄ የታደለ፣ ቡና ማጠቢያ ለሥራ ሄደ። እሸት ቡና ቀን ተለቅሞ ማታውኑ ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ በዚህም ምክንያት በቡና ወራት ስለ እንቅልፍ የሚያነሣ ሰው በአካባቢያችን አይገኝም። ብሩክ ሌሊቱን ሠርቶ ቀኑንም ሳይተኛ ይውል ጀመር። ያለማቋረጥ ያወራል፣ ይስቃል፣ ማጠቢያውን በእጥፍ ለማስፋት ያቅዳል። ታደለ በስልክ፣ «አባዬ፣ እንዲህ ያለ ታታሪ አይቼ አላውቅም» አለኝ። ልጁ ማረፍ እንዳለበት ስነግረው ሳቀ። «ቡናው ሲያልቅ ይተኛል፤ እንቅልፍ የካቲት አለለት።»

በየካቲት ዲላ ወደሚገኘው ቤቴ የተመለሰው ሌላ ሰው ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አልበላም። አልታጠበም። ቀን ተኛ። ሌሊት ነቃ። አንድ ማለዳ፣ «አባባ፣ እኔ ባልኖር ይቀላችኋል» አለኝ። እጁን ያዝኩት። አልለቀቅኩትም። ባጃጅ አስጠርቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

የአእምሮ ሐኪሟ የወርቃውን ደስታና የዲላውን ሐዘን አንድ ላይ አድርጋ መረመረች። ሕመሙ ሰውን ከልክ ባለፈ ደስታና በከባድ ሐዘን መካከል የሚያመላልሰው ባይፖላር ዲስኦርደር ነበር። ሶዲየም ቫልፕሮኤት የተባለ ስሜትን የሚያረጋጋ ክኒን አዘዘችለት። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ፣ «አባት፣ እንቅልፍ ማጣት የሕመሙ ምልክት ብቻ አይደለም፤ ሕመሙን የሚቀሰቅሰውም እሱ ነው። መድኃኒቱ ሰዓት እንዳለው ሁሉ መኝታውም ሰዓት ይኑረው» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓት ማስከበር ሥራዬ ሆነ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች የአዳር ጸሎት ሊይዙለት ሲመጡ፣ «ቀን ጸልዩለት፤ እግዚአብሔር ቀንም ይሰማል» ብዬ መለስኳቸው፤ ቅር አላቸው፣ ግን ቀን ጸለዩለት። በቡና አገር የቀረበልህን ስኒ መመለስ ንቀት ቢመስልም፣ ከቀትር በኋላ ቡና እንዳይቀርብለት ለየጎረቤቱ ነገርኩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ስልኩ እኔ ዘንድ ያድራል፤ ንጋት ላይ መስኮቱ ይከፈታል፤ ቅዳሜና እሑድም ከዚህ ደንብ ነጻ አይደሉም።

«አባባ፣ እንደ ዶሮ በጊዜ ልታሰፍረኝ ነው?» አለኝ።

«ዶሮ ተክዛ አይተህ ታውቃለህ?»

ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። መሻሉ አዝጋሚ ነበር፤ አንዳንድ ሳምንት ወደ ኋላ ይመለስብን ነበር፤ ሆኖም መድኃኒቱና ሰዓቱ ሳይነጣጠሉ ሲቀጥሉ ምግብ መጠየቅ፣ ከዚያ መጻሕፍቱን ማንሣት ጀመረ፤ አንድ ማለዳም መስኮቱን ቀድሞኝ ከፍቶት አገኘሁ።

ቀጣዩ የቡና ወቅት ሲደርስ ታደለ ዲላ ድረስ መጣ። «አባዬ፣ ልጁ ድኗል። ለሌሊቱ ሥራ የማምነው ሰው የለኝም።»

«የተሻለው እኮ ስለሚተኛ ነው» አልኩት። «ሌሊቱን አልሰጥህም።»

ብሩክ ጣልቃ ገባ። «አጎቴ፣ እኔ ቀን ልምጣ። ማድረቂያው ላይ ቡና ላገላብጥ።»

«ቡና ከሚያገላብጡት ሴቶች ጋር?»

«እነሱ ማታ ቤታቸው ገብተው ይተኛሉ። እኔም የምፈልገው እሱን ነው።»

ከማሽኑ ድምፅ ርቆ ገደብ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራየ። አመሻሽ ላይ መፈልፈያው ሲነሣ እሱ ወደ ማረፊያው ይሄዳል፤ ሠራተኞቹም «ዶሮው ሊሰፍር ነው» ይላሉ። ይበሉ። ወቅቱ አልቆ የካቲት ሲገባ ብሩክ በራሱ እግር ወደ ቤቴ ገባ፤ ሻንጣውን አስቀምጦ ምሳ ጠየቀኝ።

ተመሳሳይ ፈተና ላይ ያላችሁ ሆይ፣ እንቅልፍ መድኃኒትን አይተካም፤ ብሩክ ዛሬም ክኒኑን ይወስዳል። ነገር ግን ቀንና ሌሊት ሳይተኛ የማይደክመውን ወጣት ስታዩ አታመስግኑት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ቃል ከሰማችሁ ደግሞ ለነገ አትበሉ፤ ብቻውንም አትተዉት። ከመኝታው ይልቅ የመነሻ ሰዓቱን አጥብቁ፤ መኝታው ይከተላል። ሰው ቢቀየም ይቀየም።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ። አመሻሽ ላይ የልጁን ሥራ አስቁሞ በገዛ ሞተር ብስክሌቱ ገደብ የሚያደርሰውን ታደለንም አመሰግናለሁ። ሕመሙ ሊመለስ እንደሚችል ሐኪሟ አልደበቀችንም። ይምጣ። የሚገባበትን በር አውቀነዋል፤ በየምሽቱ በጊዜ እንዘጋበታለን።