ለሐናን የተለካ ግጥም

በእኛ ሞጣ ሙሽራ ሁሉ ጨረቃ ናት። ጨረቃ ያደረጓቸው ደግሞ ጋሽ አብዱራዛቅ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በአንድ በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰፉ፣ ሠርግ በተደገሰ ቁጥርም ለሙሽራዋ ግጥም ሲገጥሙ ኖረዋል። እኔ ባንቺዓለም እዚያው በረንዳ ላይ ክርና ቁልፍ እሸጣለሁ፤ ስለዚህ የእሳቸውን ግጥም ከእኔ በላይ የሰማ ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዴ አሰልችቶኛል።

የሚገጥሙት የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ ነው። ክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ከጮቄ በኩል የሚወርደው ጉም መንገዱን ሲሸፍነው፣ እግራቸው ይረግጣል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ልባቸው ግን እዚያ የለም። ደንበኛ መጥቶ ጤና ይስጥልኝ ቢል የሚመልስለት ጉሙ ነው። ከዚያ ድንገት መኪናው ቀጥ ይላል።

«ባንቺ፣ እስቲ ስሚኝማ!»

እሰማለሁ። ጨረቃ አለች፣ ወርቅ አለ፣ ጽጌረዳም አለች። ጽጌረዳዋ በየትኛው ጓሮ እንደበቀለች እንጃ፣ እኔ አይቻት አላውቅም።

ሐናን አንዲት ልጃቸው ናት። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ቀትር ላይ ምሳ ይዛላቸው ትመጣና ከመኪናው አጠገብ ባለችው ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ እስኪበሉ ትጠብቃለች። ባለፈው ክረምት ቢቸና ለሚኖር የጨርቅ ነጋዴ ታጨች፤ ሠርጉም ለጥር ተባለ። ከተማው ሁሉ «ለሰው ልጅ እንዲያ ያለ፣ ለራሱ ልጅማ ምን ሊል ነው!» እያለ ይጠብቅ ጀመር።

አንድ ቀን ምሳቸውን እንደ በሉ ረቂቁን አሰሟት። ጨረቃዬ ሐናን ብለው ጀምረው፣ ወርቁንም ጽጌረዳውንም አዳረሱት። በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።

«አባባ፣ ይኼን እኮ ለዘይዳ ብለኸዋል።»

«ለዘይዳ?»

«ጨረቃዬ ዘይዳ ብለህ። ከእሷ በፊት ደግሞ ለሉሊት።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ግድ የለም፣ ደስ ይላል።»

ሰሃኗን አንስታ ሄደች። ጋሽ አብዱራዛቅ መኪናውን አልረገጡም። ሄዳ እስክትሰወር ጀርባዋን ሲያዩ ቆዩ።

«ባንቺ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ያለኝን ቃል ሁሉ ለሰው ልጅ አድዬ ጨርሻለሁ። ለልጄ የቀረ የለም።»

አንጀቴን በሉት። ነገር ግን እኔ ሳዝን አፌ ክፉ ነው።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ጨርቅ ሳይለኩ ይቆርጣሉ?»

«አስተግፊሩላህ!»

«ታዲያ ግጥሙን ምነው ሳይለኩ የሚቆርጡት? ለቀጭኗም ለወፍራሟም አንድ ልክ!»

ተቀየሙኝ። ለጥቂት ቀን ክር ከሌላ ሱቅ ሲገዙ አየሁ። እኔም አኮረፍኩ።

ከዚያ በኋላ ግን ልጃቸውን መለካት ጀመሩ፤ በዓይናቸው ማለቴ ነው። ስትመጣ ያዩዋታል፣ ስትሄድ ያዩዋታል፣ በሌለችበትም ያዩዋታል። የዚህ ጣጣ መጀመሪያ የወጣው በባየ ሱሪ ላይ ነው። ባየ የመናኸሪያ ሰው ነው፤ ሱሪውን ወስዶ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ እጄን የት ላስገባው?»

ኪሱን ድፍን አድርገው ሰፍተውታል። እኔ ስስቅ እሳቸውም ሳቁ፤ በዚያው ታረቅን።

በየቀኑ አንድ ነገር ያመጡልኛል። ስትራመድ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ ይመስላል ይላሉ። ወጥ ስታማስል ታንጎራጉራለች ይላሉ። ከዚያ ራሳቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። «ይኼም ለሌላዋ ልክ ይሆናል።» እኔም አላባብላቸውም።

አንድ የኅዳር ጠዋት ጸሐይዋ ገና በረንዳውን ሳትይዝ መጡ። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ እጃቸው ኮሌታቸው ላይ ነው።

«ዛሬ ከሶላት መልስ አልተኛሁም» አሉኝ። «ሐናን በሩ ላይ ተቀምጣለች። ኮቴን ጭኗ ላይ አድርጋ በየመርፌዬ ክር ታስገባለች፤ ጫፉን በከንፈሯ ታረጥባለች፣ ወደ ብርሃኑ ታነሳለች፣ ከዚያ ኮሌታዬ ላይ ትሰካለች። ለካ ጠዋት ጠዋት ሥራዋ ይኼ ነው። ዓይኔ ከደከመ ስንት ዘመኑ ነው፣ ባንቺ? እኔ እኮ መርፌ ክር ይዞ የሚያድር ይመስለኝ ነበር።»

መርፌዎቹን በጣታቸው ደባበሷቸው። እንባቸው መጣ።

በዚያው ሰሞን ግጥሙ ተጀመረ። መጀመሪያ ረጅም ነበር፤ ቀን በቀን ከጫፉ እየቆረጡ አሳጠሩት። ጨረቃዋ ወጣች፣ ወርቁም ወጣ። እግራቸው ይረግጣል፣ የመኪናው ድምፅ ከሰሞኑ አዲስ እህል ሽታ ጋር ወደ መንገዱ ይወጣል፤ እኔም ሳላውቀው ቁልፍ መቁጠሬን ትቼ በሐሳብ አብሬያቸው ሄድኩ።

የሠርጉ ዕለት ድንኳኑ ሞላ። ዱዓው ተደርጎ፣ ወደ ቢቸና የሚሄደው መኪና ደጅ ቆሟል። ሐናን ዓይነ ርግቧን ተከናንባ ተቀምጣለች። «ግጥም! ግጥም!» ተባለ፤ ስልኩን ያላወጣ የለም። ጋሽ አብዱራዛቅ ተነሱ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤

በመርፌዬ ሁሉ ክር አስገብተሽልኝ፣
ነገ ቢቸና ነሽ፣ ብቻዬን ትተሽኝ።
ክሩ ያለቀ ዕለት ሐናን ብዬ ስጣራ፣
አቤት የሚል የለ በወንበርሽ ስፍራ።

ያጨበጨበ ሰው የለም። ከዓይነ ርግቡ ሥር ሐናን፣

«አቤት፣ አባባ» አለች።

ጋሽ አብዱራዛቅ አፋቸውን ከፍተው ነበር። የሚቀጥል ስንኝ እንዳላቸው አውቃለሁ፣ በረንዳው ላይ ሰምቼዋለሁ። ዘጉት። ሄደው እጇን ያዙ፤ እስከ መኪናው ድረስም አልለቀቁትም።

ሥራ የተመለሱ ዕለት ኮሌታቸው ሐናን ሳትሄድ ክር ያስገባችበት ከወትሮው የበለጠ መርፌ ተሰክቶበት ነበር። የቀረውን ስንኝ ለምን እንደ ተዉት ጠየቅኋቸው።

«ቁርጥራጭ ነበር» አሉ። «ልኩ እሷ አቤት ያለችው ላይ አለቀ።»

ከዚያ ወዲህ የሙሽራ አባት ግጥም ሊያዝዛቸው ሲመጣ፣ ልጅህ ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምትሠራው ምንድን ነው ብለው ይጠይቁታል። ብዙዎቹ አያውቁትም። አይተህ ና ብለው ይመልሱታል።

አንድ ቀን ከሰዓት የቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘሙ ሳለ የመጨረሻው መርፌ ክር አለቀ። ቀና ሳይሉ መርፌውን ወደ ወንበሯ ዘረጉ።

«ሐናን!»

እጃቸው እንደ ተዘረጋ ቀረ። ገበያዬን ትቼ ተነሳሁ።

«አቤት፣ ጋሼ» አልኩና መርፌውን ተቀበልኳቸው።