የደረቀ ቁስል

ሾፌሩን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው በቀልዱ ነበር። አውቶቡሱ ከተገለበጠ በኋላ ግን በእግሩ ሽታ ያውቁት ጀመር። በአደጋው የግራ ቅልጥሙ ተሰብሮ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ነበር፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ በዚያው ገብቶ አጥንቱ ላይ የሰፈረው ነገር አልወጣ አለ። ስብራቱ ገጠመ፤ ቁስሉ ግን ሽንብራ በምታክል ቀዳዳ መግል ማንጠባጠቡን አልተወም።

ሴት ልጁ የፊተኛውን ክፍል የሴቶች ፀጉር ቤት ስታደርገው እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። የቀለሙና የሻምፑው ሽታ ቤቱን ሞልቶት እንኳ ደንበኞች አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር። አንዷማ ፀጉሯ በግማሽ እንደተጠቀለለ ተነስታ ሄደች።

«አባዬ፣ እንዲህማ አይሆንም» አለች ልጁ። «ባንተ የተነሳ እኮ ሰው ሊሸሸኝ ነው።»

ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ከፋርማሲ ቁስል የሚያደርቅ ዱቄት ገዝታ፣ ጎንበስ ብላ በገዛ እጇ ቀዳዳውን ጠቅጥቃ ሞላችው፤ በፋሻም ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ደረቀ። ቆዳው ገጠመ፣ ሽታውም ጠፋ። መጋረጃውን ገልጣ «ና ውጣ» ስትለው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ከደንበኞቹ መሀል ተቀምጦ የድሮ ተሳፋሪዎቹን አነጋገር እያስመሰለ አሳቃቸው። አጥንቱ ከውስጥ ሲጠዘጥዘው ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ወደ መጋረጃው ጀርባ መመለስ ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራው ነበር።

ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። «ብርድ ነው» አላት። ጉልበቱ አብጦ ሱሪው አልወልቅ ሲል ነው ሆስፒታል የወሰደችው።

የአጥንት ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ አንስቶ አሳያቸው።

«ይሄ ቁራጭ አጥንት ሞቷል። መግሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፣ ሥጋው መውጫው ብቻ ነበር። ያኔውኑ የሞተውን ማስወጣት ነበረብዎ። ላዩ ሲደፈን ጊዜ መግሉ በጡንቻው መሀል ሰርስሮ ጉልበትዎ ውስጥ ገባ። አሁን ከጉልበት በላይ መቁረጥ ግድ ነው፤ አለዚያ ሕይወትዎን ያጣሉ።» ሁለቱንም አየት አደረጋቸው። «ማነው የደፈነው?»

ልጁ የቦርሳዋን ማንገቻ ጨብጣ ወለሉን አየች። አባት ጠበቃት። አንድ ቃል ትተነፍሳለች ብሎ ነበር፤ ይቅር ሊላትም ተዘጋጅቶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «እሷ ተው እያለችኝ።»

ልጁ በረጅሙ ተነፈሰች። ሐኪሙ ለአባቷ ያዘነች መሰለው። አባት ግን ልጁን ያውቃታል፤ እፎይ ማለቷ ነበር።