አቀርቅሪ ያልኳት ልጅ

ነገሩ የሆነው አምና ክረምት ላይ ነው። ዓመት አለፈው፤ ከእኔ ግን አልወጣም። ዛሬም ክፍል ገብቼ ጠመኔ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የካ ሚካኤል አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ተማሪዎቼም ያውቁኛል። ለክፍሉ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ማስረዳት ልማዴ ነበር።

ትርሲት የምትባል ተማሪ ነበረችኝ፤ ከእንጦጦ ማርያም በኩል በእግሯ ወርዳ የምትማር። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አፍ አፌን ታያለች፤ ዓይኗን አትነቅልም። እኔ ያደግኩት ታላቅ ሲናገር አቀርቅሮ በመስማት ነውና ድፍረት መሰለኝ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ጥያቄ ጠይቄያት፣ ዘወር ስል ዝም ብላ ስታፈጥብኝ ደሜ ፈላ።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? ዓይን አውጣ! ሂጂ ኋላ ተቀመጪ፤ ሁለተኛ ሳስተምር አቀርቅረሽ ስሚ!» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ።

ኋላ ሄደች፤ አቀረቀረች። ፈተና ወደቀች፤ ከመንፈቀ ዓመቱ በኋላም አልመጣችም። «ድሮም ሰነፍ ናት» ብዬ ስሟን ሰረዝኩ።

ክረምት ላይ ለሳይንስ መምህራን፣ የተለያየ ችግር ያለባቸውን ልጆች እንዴት እንደምናስተምር ሥልጠና ተሰጠን። አያት ሰፈር ድረስ የሄድኩት ስሜ ዝርዝሩ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ነበር። አሠልጣኟ ጥጥ አድላ ጆሯችንን አስደፈነችንና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ሙቀት ማስተማር ጀመረች። ፊቷ ወደ እኛ ሲሆን እንደምንም እንከተላታለን። ወደ ሰሌዳው ስትዞር ሁሉም ጠፋብን። መልሳ ፊቷን ስታዞር እኔ ወንበሬ ጫፍ ላይ ሆኜ አፏ ላይ አፍጥጬ ነበር፤ ልክ እንደ ትርሲት። ጥጡን አውጥቼ ከአዳራሹ ወጣሁ።

በማግስቱ የእንጦጦን ዳገት ወጥቼ፣ ቤታቸውን ጠይቄ አገኘሁ። እናቷ ደጃፍ ላይ ተቀበሉኝ።

«በልጅነቷ ጆሮዋን ታማብኝ ነበር፣ መምህር» አሉኝ። «ትምህርት ቤቱ አልቀበልም እንዳይለኝ ብዬ ደበቅኩ። የሰው አፍ እያየች ሁሉን ትረዳ ነበር። አሁን ግን ምን እንደነካት እንጃ፣ ቀና ብላ ሰው አታይም።»

ምን እንደነካት አውቅ ነበር። ያን ቀን ስቆጣት ፊቴ ወደ እሷ ስለነበር እያንዳንዷን ቃል ለይታለች።

ትርሲት ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ስታየኝ ብድግ ብላ እንዳዘዝኳት አቀረቀረች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ቀና ስላላለች አልሰማችኝም።

ያልኩትን ወረቀት ላይ ጽፌ እናቷ እጅ ላይ ትቼ ወረድኩ። መስከረም ሲጠባ በር በሩን አየሁ፤ አልመጣችም። ልቤ ተሰብሮ ቀረ።

አሁን ፊቴን ወደ ተማሪዎቼ አዙሬ ነው የማስተምረው። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ ስናገር ሁሉም ያቀረቅራሉ። ፊት ወንበር ላይ አፍ አፌን የሚያይ የለም።